ሁለተኛዪቱ ሽጉጥ

በስማዳ፣ ከወገዳ ወዲያ ወደ በሽሎ ቆላ ቁልቁል በሚያይ አገር የሚኖሩ የእናቴ ወንድም፣ ከአባታቸው በውርስ ያገኙት አንድ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ አላቸውና፣ ባለፈው ዓመት ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ ልጠይቃቸው በሄድሁ ጊዜ፣ ቡናው ሁለተኛውን ከጠጣን በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ለዚህ ለታላቁ ጓደኛ የምትሆነው አንዲት ታናሽ ልገዛ አስቤአለሁ፤ አንተ ፊደል የቆጠርህ፣ አገር ያየህ ነህና የምትሻለውን ምረጥልኝ» አሉኝ። ጥያቄው እንግዳ አልሆነብኝም። በጋይንትም በስማዳም በእስቴም፣ ባለርስቱ ጠበንጃውን በትከሻው አንግቶ ዝናሩን ታጥቆ ገበያ መውጣቱ ከጥንት የኖረ ልማድ ነው፤ በዚያ ላይ ሽጉጥ በወገቡ ሲታከል ሰውየው ሙሉ ሰው መሆኑን ሳይናገር ይናገርለታል።

ነጠላ በመደቡ ላይ አንጥፈው ሽጉጡን ከማኅደሩ አወጡልኝ። የጣሊያን ሠራዊት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1889 የተቀበለው፣ ቦዴዮ የሚባለው ዓይነት ነው፤ አባታቸው በአርበኝነት ዘመን ከጠላት እጅ ያገኙት ሲሆን፣ ለተራ ወታደር ተብሎ የተሠራ በመሆኑ ለምላጩ ከለላ አልተበጀለትም፤ ምላጩ ራሱ እንደ ሰንጢ ስለት ወደ ሆዱ ይታጠፋል፤ መተኮስ ሲፈለግ በጣት ይዘረጋል። የእጀታው እንጨት በአባትና በልጅ መዳፍ ተልጎ እንደ ቀንድ ዋንጫ ያብረቀርቃል። ጥይቱ ግን አራት ብቻ ቀርቶአል፤ የ10.35 ሚሊሜትር ጥይት ዛሬ ከየትም ገበያ የሚገኝ አይደለምና፣ አጎቴ እነዚያን አራቱን በጨርቅ ቋጥረው እንደ ወርቅ ያኖሩአቸዋል።

የተጠየቅሁትን ነገር በቅን ልቡና መርምሬ ያወቅሁትን ሁሉ ነገርኋቸው። ለታላቅ ሽጉጥ ጓደኛ የምትሆን ታናሽ በመጀመሪያ ደረጃ የታላቁን ጥይት የምትጎርስ ልትሆን ይገባታል፤ አለዚያ በአንድ ቤት ሁለት ዓይነት ጥይት ይቀላቀልና በችግር ሰዓት ጣት የማይሆነውን ያነሣል። አሜሪካኖቹ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1950 አምስት ጥይት ብቻ የምትጎርሰውን ታናሽ ሽጉጥ ባወጡ ጊዜ፣ ከታላላቆቹ ጋር በአንድ ጥይት እንድትሠራ ማድረጋቸው ስለዚህ ነው። ሁለተኛም አያያዟና የምላጯ አሳሳብ ከታላቁ ጋር መመሳሰል አለበት፤ እጅ በጨለማ የሚያስታውሰው የለመደውን ነውና። የአፈሙዟ ማጠር ደግሞ ዋጋ የሚጠይቅ ነው፤ በማነጣጠሪያዎቹ መካከል ያለው ርቀት በቀነሰ መጠን ጥቂቷ የእጅ ስሕተት ብዙ ሆና ትገኛለች፤ ክብደቷም ሲቀልል ርግጫዋ ይበረታል። ስለዚህ ታናሺቱ ሽጉጥ ለጀማሪ ትቀላለች የሚለው የገበያ ወሬ ሐሰት ነው፤ ለመያዝ እንጂ ለመተኮስ አትቀልም።

ይህን ሁሉ አስረድቼ ካበቃሁ በኋላ ግን፣ «አያ፣ እንዳልመርጥልዎ ይፍቀዱልኝ» አልሁ። ምክንያቴንም በዚያ ምሽት እንደተቻለኝ ተናገርሁ፤ ዛሬ ደግሞ በዚህ ዓምድ አስፍቼ ልጽፈው የወደድሁት፣ ጉዳዩ የአንድ ቤት ጉዳይ ስላልሆነ ነው።

ትልቅ መሣሪያ የሚታይ ነገር ነው። በትከሻ ያለ ጠበንጃ ከሩቅ ይታያል፤ ታላቅ ሽጉጥም ጋቢ ቢደረብበት ያብጣል እንጂ አይሰወርም። የሚታይ በመሆኑም ሥርዓት ተሠርቶለታል፤ ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም ከቅጽሩ ደጅ ለጓደኛው ያስይዘዋል፤ ድግስ ቤት ሲገባ ከምሰሶው ያስደግፈዋል፤ ሽማግሌ ፊት ሲቀርብ ያኖረዋል። አባቶቻችን ብረትን ከሰው ልብ ሊያርቁት ባይችሉ እንኳ፣ ከማዕዱና ከመቅደሱ አርቀው የሚያቆሙበትን ወሰን አበጅተው ነበር። ታናሺቱ ሽጉጥ ግን ከዚህ ሁሉ ወሰን ታልፋለች። የምትገዛበትም ምክንያት ይኸው ነው፤ ሻጯ ሲያመሰግናት «በብብት ትደበቃለች» ብሎ ነውና፣ መደበቋ የገዛ ዋጋዋ ነው።

የዛሬ ብዙ ዓመት በእስቴ በአንድ ተዝካር ላይ ተቀምጬ ነበር። ጠበንጃዎቹ ሁሉ እንደ ልማዱ ከዳሱ ውጭ ተሰብስበው አንድ ጎልማሳ ይጠብቃቸዋል፤ ካህናቱ ጸሎቱን አድርሰዋል፤ ጠላው ገና መዞሩ ነው። ሁለት የአክስትና የአጎት ልጆች ስለ አንድ የእርሻ ወሰን ነገር ተመላለሱ፤ ያም ተቆጣ፣ ያም ተቆጣ፤ እንደዚህ ያለውን ቁጣ እናቶች «ተዉ እስቲ» ብለው ሲያበርዱት መቶ ጊዜ አይቻለሁ። የዚያን ቀን ግን የአንደኛው እጅ ከጋቢው ሥር ገባ። የተተኮሰችው ጥይት ሊመታ የፈለገውን ሳይሆን ወጥ ቤት ወዲያና ወዲህ ሲል የነበረውን የ12 ዓመት ልጅ ጭኑን መታችው። ልጁ በእግዚአብሔር ቸርነት ዳነ፤ ነገር ግን እስከ ዛሬ ያነክሳል፤ የደም አድራቂ ሽማግሌዎችም ሁለቱን ወገኖች ለማስታረቅ ሦስት ክረምት ተመላልሰዋል። ከዳሱ ውጭ ከተሰበሰቡት ከእነዚያ ሁሉ ጠበንጃዎች አንዱ እንኳ አልጮኸም ነበር።

ይህን ባሰብሁ ቍጥር ወደ ኅሊናዬ የሚመጣው የዐፄ ቴዎድሮስ ነገር ነው፤ ለእኛ ለአገሬው ሰዎች ደግሞ የዚያ ታሪክ መንገድ በደጃችን የሚያልፍ ነው። ንጉሡ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት፣ ከአውሮፓ በመጡ የእጅ ጥበብ ሠራተኞች ያስቀለጡትን፣ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ይዘው በ1860 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ተነሡ። ያን ብረት በሰው ክንድ እየጐተቱ፣ ድንጋዩን ራሳቸው ከወታደሮቻቸው ጋር እየፈነቀሉ፣ በጋይንት አልፈው የጨጨሆን ገደል ወጡ፤ ከዚያም የዋድላንና የደላንታን ደጋ ተሻግረው፣ በሽሎን ወርደው፣ ወደ ስድስት ወር ከሚጠጋ ድካም በኋላ በመጋቢት መቅደላ ደረሱ። ዛሬ ቻይናዎች በሠሩት በወልድያና ወረታ መንገድ በአውቶቡስ ተቀምጦ ጨጨሆን የሚያልፍ መንገደኛ፣ በመስኮቱ ወደ ታች ሲመለከት ያ ሸክም በዚያ አቀበት እንዴት እንደወጣ ማሰብ ያቅተዋል።

ንጉሡ ያን ታላቅ መሣሪያ ልጃቸው ያህል ይወዱት እንደ ነበር ይነገራል። በወገባቸው የነበረችው ሽጉጥ ግን ጋሪ አላስፈለጋትም፤ መንገድ አልተጠረገላትም፤ ለእርስዋ ማንም ላብ አላፈሰሰላትም። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአገልጋይዋ ለፕላውደን ስለተደረገው ቸርነት ምስጋና እንድትሆን ያበረከተችላቸው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር የ1861 ዓመት በብር ላይ የተቀረጸባት የወዳጅነት ገጸ በረከት ነበረች። ወዳጅነቱ ግን ፈርሶ፣ በዓርብ ስቅለት በመቅደላ አጠገብ በአሮጌ ላይ ሠራዊታቸው በእንግሊዝ ጦር ተመታ፤ በፋሲካ ማግስት፣ በሰኞ ማዕዶት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የንግሥቲቱ ጦር የመቅደላን በር ሰብሮ ሲገባ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ያችኑ የንግሥቲቱን ሽጉጥ ጠጡአት። ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ አለ፤ ምስሉም በአዲስ አበባ በስማቸው በተሰየመው አደባባይ ቆሞአል። ስለ ሞታቸው ክብርና ስለ ልባቸው ኀዘን የሚፈርድ ሌላ ነው፤ እኔ የማስተውለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው ብቻውን በቀረበት ሰዓት፣ ምክርና ወዳጅ በራቀበት ሰዓት፣ እጁ የሚያገኘው ያን የሚጐተተውን ሳይሆን ይህን ከሰውነቱ የማይለየውን ነው።

ወንጌልም ቢሆን ይህን ነገር ሳይነካው አላለፈም። ደቀ መዛሙርት በኀሙሱ ሌሊት ለጌታ ሁለት ሰይፎች አሳይተውት ነበር፤ እርሱም ይበቃል ብሎ ነገሩን ዘጋው። ከዚያ በኋላ ግን ጴጥሮስ ሰይፉን ይዞ ወደ ጌቴሴማኒ፣ ወደ ጸሎቱ ስፍራ ገባ፤ ትጋ ሲባል ተኝቶ የነበረ ሰው በነቃ ጊዜ ያደረገው የመጀመሪያው ሥራ የሰው ጆሮ መቍረጥ ሆነ። ልጅ ሆኜ በሰሙነ ሕማማት ይህ ሲነበብ ስሰማ፣ ሰይፉ በልብሱ ሥር ባይኖር ኖሮ ጴጥሮስ ምን ያደርግ ነበር እያልሁ አስብ ነበር፤ አሁንም አስባለሁ።

አጎቴ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰሙኝና፣ «እኔስ የምፈልጋት ለጠብ አይደለም፤ ዘመኑን አንተም ታየዋለህ፤ ሌሊት በር የሚመታ ሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ታላቁ ደግሞ አራት ጥይት ነው ያለው» አሉኝ። ይህን ቃል በቀላሉ ልመልሰው አልቻልሁም፤ የሚፈሩት ነገር በእውነት የሚያስፈራ ነውና። የመሣሪያ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን እንደሚከለክል ማንሣት ይቻለኝ ነበር፤ ሌሊቱን በፍርሃት ለሚያሳልፍ ሽማግሌ ግን የአዋጅ ቁጥር መጥቀስ መልስ መስሎ አልታየኝም። ስለዚህ፣ «በር የሚመታውን ለመመለስ ከሆነ የምትታየዋን ጠበንጃ ይግዙ፤ ፈቃድዋን ያውጡ፤ ከፍ አድርገው ይስቀሉአት፤ በራስጌ የምትተኛዋን ግን ይተዉአት፤ በዚህ ቤት አምስት የልጅ ልጆች አሉ» አልሁአቸው። ዝም አሉ። ያን ጊዜ ዐይኔን ወደ ግድግዳው ባቀና፣ ከዳዊታቸው ማኅደርና ከታላቁ ሽጉጥ አጠገብ አዲስ ኩላብ ተመትቶ አየሁ፤ ለታናሺቱ አስቀድመው አዘጋጅተውላት ኖሮአል።

በዚህ ዓመት ጥቅምት ተመልሼ ሄጄ ነበር። ስለ ሽጉጧ እኔ አልጠየቅሁ፣ እርሳቸውም አላነሡ። ኩላቡ በስፍራው ነበረ፤ የመካከለኛዋ የልጅ ልጃቸው የትምህርት ቤት ቦርሳ ተሰቅሎበት፣ አንደኛው ማንገቻው በጅማት ተሰፍቶ።