አስቤዛው፣ ካሜራው እና እናታችን



የዛሬውን ጽሑፍ የምንጀምረው በራሳችን ጥፋት ነው። ባለፈው ዓመት ረመዷን ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው በሰፈራችን ጀመዓ አስቤዛ አከፋፍለን ነበር። ዱቄት፣ ዘይት፣ ሩዝ፣ ስኳርና ቴምር በካርቶን አድርገን መስጂዱ ግቢ ደረደርን። ከመካከላችን አንድ ተማሪ ወንድማችን ፎቶግራፍ መማር ከጀመረ ሁለተኛ ወሩ ነበርና ካሜራ ተውሶ መጣ። በዚያ ሳምንት የተማረው ትምህርት "ቅንብር" ይባላል፤ ፍሬሙ ውስጥ ምን ይግባ፣ ምን ይውጣ፣ የገባው የት ይቀመጥ የሚለው ነው። ከተሰለፉት እናቶች አንዷ ካርቶኑን ሲቀበሉ ቀና ብለው አዩት። አነሳቸው።

ፎቶው የምር ያምራል። ብርሃኑ ከጎን ገብቶ ግማሽ ፊታቸውን ብቻ ይዟል። ከኋላቸው ያለው ግድግዳ ባዶ ስለሆነ ዓይን ሌላ የሚሄድበት የለውም። "ማሻአላህ፣ ባለሙያ ሆነሃል" አልነውና ለጠፍነው። ከለጠፍናቸው ሁሉ ብዙ ሼር የተደረገው እሱ ሆነ። በእሱ ሰበብ ገንዘብም ገባ፤ ይህንን ደብቀን መከራከር አንፈልግም።

ዘንድሮ ስማቸው ዝርዝራችን ላይ ነበር፤ እሳቸው ግን ሳይመጡ ቀሩ። ነገሩን የሰማነው ቤታቸው ድረስ ስንሄድ ነው። ልጃቸው ዘጠነኛ ክፍል ናት። ፎቶው የክፍሏ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ገብቶ፣ የሆነ ልጅ ስቲከር ሠርቶበት፣ "ዱቄቱ አለቀ ወይ?" እየተባለች ሰንብታለች። ሁለት ሳምንት ትምህርት ቤት አልሄደችም። እናታችን አልተቆጡንም። "ልጆቼ፣ አላህ ይስጣችሁ፤ የኔን ለሌላ ሰው ስጡት" ብቻ ነው ያሉን። ቢቆጡን ይቀለን ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ ተጨቃጨቅን። አንዳንዶቻችን "ካሜራ የሚባል ነገር ከነጭራሹ ይቅር" አልን። (በሥዕልና በፎቶ ብይን ላይ በዑለማዎች መካከል ያለውን ልዩነት እናውቃለን፤ ያንን ለባለቤቶቹ እንተወው። ስልክ ኪሱ ይዞ በቀን ሃያ ጊዜ የሚያነሳ ወጣት ግን የማንሳት አደብ መማሩ ግድ ነው።) ሌሎቻችን ደግሞ "ፎቶው ምንም አልሆነ፣ ጥፋቱ መለጠፉ ላይ ነው" አልን። አሁን የያዝነው ሐሳብ ከሁለቱም ይለያል። ጥፋቱ ገና ስናቀናብር ነው የጀመረው። ወንድማችን ቅንብርን እንደ አንድ ትምህርት፣ የፎቶ ሥነ ምግባርን ደግሞ ወደፊት እንደሚመጣ ሌላ ትምህርት ነበር የያዘው። እኛም እንደዚያው። ሁለቱ ግን የሚለያዩ ነገሮች አይደሉም።

እስኪ ከስልካችሁ እንጀምር። የካሜራው ሴቲንግ ውስጥ "ግሪድ" የሚል አለ። ስታበሩት ስክሪኑ በሁለት አግድምና በሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች ዘጠኝ ቦታ ይከፈላል። ዋናውን ነገር መሐል ላይ ከመገተር መስመሮቹ ከሚገናኙበት ላይ ማስቀመጥ ለዓይን ይመቻል ይባላል፤ ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚማረው ይህንን ነው። ጥሩ። ግን ዋናው ነገር ማነው? ያን ፎቶ መልሰን ስናየው የእናታችን ዓይን አንዱ መገናኛ ላይ ነው፤ በሰያፍ ታች ያለው ሌላው መገናኛ ላይ ደግሞ በካርቶኑ ላይ የታተመው የጀመዓችን ስም አለ። ማንም ተመልካች ዓይኑ ከፊታቸው ተነስቶ ስማችን ላይ ያርፋል። ወንድማችን ይህንን አስቦ አላደረገውም። ሕጉን ተከትሎ ነው ያደረገው፤ ሕጉ ደግሞ ለማን ጥቅም እንደሚውል አይጠይቅም።

ከፍታም አለ። ቆማችሁ የተቀመጠን ሰው ስታነሱ ሰውየው ያንሳል፣ ዓይኑ ወደ ላይ ሲያይ የሚለምን ይመስላል። በርከክ ብላችሁ ከዓይኑ ትክክል ስታነሱት ያው ሰው፣ በያው ልብስ፣ በያው ቦታ፣ የቤቱ ጌታ ሆኖ ይወጣል። ርቀትም እንዲሁ። የስልክ ካሜራ ሰፋ አድርጎ ስለሚያይ ፊት ላይ ስትጠጉ አፍንጫ ይገዝፋል፣ ጆሮ ይሸሻል፤ ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ባለ ሁለት እጥፉን ሌንስ መጠቀም ፊቱን ለባለቤቱ ይመልስለታል።

ስለ ብርሃን አንድ ነገር ብለን እንለፍ፤ ለዒድ ትጠቅማችኋለች። ዒድ ጠዋት ስታዲየም የምናነሳው ፎቶ ለምን አመድ አመድ እንደሚል አስተውላችኋል? ካሜራ ያየውን ሁሉ ከነጭና ከጥቁር መካከል ወዳለ ግራጫ ማምጣት ይፈልጋል። ሕዝቡ በነጭ ጀለቢያና በነጭ ነጠላ ሲሞላው "ብርሃን በዛብኝ" ብሎ ያጨልመዋል። ነጩ ግራጫ ይሆናል፤ የእኛ የጠይሞቹ ፊት ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ስክሪኑ ላይ የሰው ፊት ነክታችሁ የምትመጣውን የፀሐይ ምልክት ትንሽ ወደ ላይ መሳብ። ጥቁር ዐባያ የለበሱ እህቶች ሲሆኑ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ሁሉን ነገር አንቦግቡጎ ፊታቸውን ያነጣዋል፤ ያኔ ወደ ታች ነው። (እህቶችን ከሩቅ በዙም ጎትታችሁ፣ ሳያውቁ አንስታችሁ "የዒድ ድምቀት" እያላችሁ ለምትለጥፉ ግን ይህ ምክር ለእናንተ አልተጻፈም።)

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ። የተቸገረን ሰው ፊት ማሳየት ሁልጊዜ ጥፋት ነው? አይመስለንም። የናይሮቢውን ሙሐመድ አሚንን እናንሳ። እ.ኤ.አ. በ1943 የተወለደ ሙስሊም ኬንያዊ የካሜራ ባለሙያ ነው። መስከረም 1977 ደርግ 10ኛ የአብዮት በዓሉን በድምቀት ሲያከብር በወሎና በትግራይ ሕዝብ በረሀብ እየረገፈ ነበር፤ መንግሥት ግን በዓሉ እንዲደምቅ እንጂ ረሀቡ እንዲወራ አልፈለገም። በወሩ አሚን ከቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል በርክ ጋር ኮረም ገባ። የቀረጸው ምስል ጥቅምት 13 ቀን 1977፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 23 ቀን 1984፣ ተላለፈ። ከዚያ የሆነውን ዓለም ያውቀዋል፤ እርዳታ ጎረፈ፣ በቀጣዩ ዓመት ጁላይ 13 ቀን የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ተካሄደ። ሰባ ሰባትን ካለፉ አያቶቻችን መካከል በዚያ ምስል ሰበብ በመጣ እህል የተረፉ አሉ።

ያ ምስልም ፊት አሳይቷል፤ ከእኛ ፎቶ በእጅጉ የከፋ መከራ ያለበትን ፊት። ልዩነቱ ጣቱን ማን ላይ መቀሰሩ ነው። የአሚን ካሜራ የተደበቀን ነገር አወጣ፤ የደበቀው መንግሥትና ዝም ያለው ዓለም ተጠየቁ። በእኛ ፎቶ ላይ የተጠየቀ ማን ነው? ማንም። ቀበሌውም፣ ሀብታሙ ነጋዴም፣ እኛም አልተጠየቅንም። የተጋለጡት እናታችን ብቻ ናቸው፤ የተመሰገነው ደግሞ ጀመዓው ነው። ስለዚህ "ሙሐመድ አሚንም አንስቷል" እያላችሁ የምትከራከሩን ወንድሞች፣ ሚዛኑን ይዛችሁ ኑ። ለዚያ ምስልም ቢሆን የተከፈለ ዋጋ አለ። አርባ ዓመት አልፎት እንኳ ኢትዮጵያ ሲባል ዝንብ የወረረው ሕፃን ብቻ የሚታየው የውጭ ሰው አለ፤ አውሮፓና አሜሪካ ያሉ ወንድም እህቶቻችን ይህንን ጥያቄ በየክፍሉ መልሰዋል።

ሰውየውን በረሀቡ ብቻ ማወቅም ይጎድለናል። የሐጅን ሥርዓት በካሜራው ዘግቦ መጽሐፍ አሳትሟል። እ.ኤ.አ. በ1991 አዲስ አበባ ላይ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ግራ እጁን አጥቷል፤ በሰው ሠራሽ እጅ ወደ ሥራው ተመለሰ። በ1996 ተጠልፎ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ የወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ነበር፤ በዚያው አረፈ። አላህ ይዘንለት።

ስለ ፈቃድ እናውራ። ባለ አረንጓዴ ዓይኗን የአፍጋን ልጅ የማያውቅ የለም። ስቲቭ ማከሪ የተባለው አሜሪካዊ በ1984 መጨረሻ ፔሻዋር አጠገብ ባለ የስደተኞች ካምፕ፣ ድንኳን ውስጥ ካለ ትምህርት ቤት አነሳት። በ1985 ጁን የናሽናል ጂኦግራፊክ ሽፋን ሆነች። ስሟ ሸርበት ጉላ መሆኑ የታወቀው በ2002 ነው። 17 ዓመት ሙሉ ዓለም ፊቷን ያውቃል፣ ስሟን አያውቅም፤ እሷ ደግሞ መታወቋን ራሱ አታውቅም። ሲያገኟት ያን ቀን ተናድዳ እንደነበር ተናገረች፤ ከዚያ በፊት ፎቶ ተነስታ አታውቅም፣ አንሺውም ባዕድ ወንድ ነበር። የፎቶግራፍ ተማሪዎች ያንን ዓይን እንደ ጀግንነት፣ እንደ ምሥጢር ሲተነትኑት ኖረዋል። ለካስ ቁጣ ነው።

እኛ ፈቃድ አልጠየቅንም ነበር። ብንጠይቅስ? ወረፋው ደርሶ፣ ካርቶኑ ገና በእጃችን እያለ "ፎቶ ብናነሳዎት ይከፋዎታል?" ብንላቸው እናታችን ምን ሊሉ ኖሯል? የተቸገረ ሰው ሰጪውን እምቢ አይልም። ያንን ፈቃድ ነው ብለን ራሳችንን ባናታልል ጥሩ ነው። የየቲም ልጆችማ ጉዳይ ከዚህም ይብሳል፤ የዛሬው የሰባት ዓመት ልጅ ነገ ሃያ ዓመት ሲሆነው ፎቶውን ከማን ገጽ ላይ ያስጠፋል?

"ማስረጃ ካላሳየን ለጋሾች አያምኑንም" የሚለው ክርክር እውነትነት አለው። የሰው አማና ይዞ ማስረጃ አለማቅረብ አይቻልም። ግን ማስረጃ ማለት ደረሰኝ ነው፣ የተገዛው ዕቃ ነው፣ የተቀባዮች ፊርማ ያለበት መዝገብ ነው፣ መዝገቡን የሚያይ የታመነ ሰው ነው። የየቲም አሳዳጊ የልጁን ሁኔታ ማወቅ ከፈለገ ለእሱ ብቻ ይነገረው። ሱረቱል በቀራህ 264ኛው አንቀጽ ላይ ሰደቃን በመመጻደቅና በማስከፋት ማበላሸት መከልከሉን ሁላችንም ቀርተናል። 271ኛው ደግሞ በግልጽ መስጠትን አይነቅፍም፤ በድብቅ ለድሃ መስጠቱን ያስበልጣል እንጂ። እኛ እንደገባን ግልጽ ሊሆን የሚችለው የሰጪው መስጠት ነው። የተቀባዩን ፊት የመግለጥ ፈቃድ ከዚህ ውስጥ አላገኘንም።

ከማን እንማር የሚለውም ቀላል ነገር አይደለም። ወንድማችን ያን ቀን ያነሳው ከራሱ አልነበረም። ስልኩ ውስጥ ያጠራቀማቸውን ፎቶዎች አሳየን፤ ሁሉም ደረቅ ፊት፣ ሁሉም የሚያፈጥ ዓይን፣ ሁሉም ጠቆር ያለ ግድግዳ። ድህነታችንን ለማየት የሚመጣ ሰው የሠራውን ዓይን ወስዶ በእናቱ እኩያ ላይ አዞረው። ከሌላ መማር ነውር የለውም፤ የወሰዱት ዓይን የማን እንደሆነ አለማወቅ ነው የሚጎዳው። የአይዳ ሙሉነህን ሥራ እዩ። አሜሪካ ተምራ፣ ለዋሽንግተን ፖስት ሠርታ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰች፤ በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን መሠረተች። በእሷ ፎቶ ላይ ሴቶቹ ፊታቸው ተቀብቶ፣ ደማቅ ቀይና ሰማያዊ ተጎናጽፈው፣ ቀጥ ብለው ነው የሚቆሙት። መውደድ አለመውደድ የእናንተ ነው፤ ከንፈር እንድትመጡ ግን አትፈቅድላችሁም።

ቅርባችሁ ያለውንም እዩ። ሐረር ጁገል ውስጥ የአንድ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን ስፌቶች አደራደር ያየ ሰው ስለ ቀለምና ስለ ሚዛን መጽሐፍ ከመግዛቱ በፊት ብዙ ተምሯል። የሴት አያታችሁ በር ላይ ተቀምጣችሁ ብርሃኑ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ጀበናው ላይ እንደሚያርፍ ቁጠሩ። ከዛሬ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በጨለማ ክፍል ቀዳዳ የሚገባውን ብርሃን ያጠናውን ኢብኑል ሀይሠምን "የእኛ ነው" ብለን መለጠፍ እንወዳለን፤ ሰውየው ግን ቁጭ ብሎ ብርሃን አይቶ ነው እዚያ የደረሰው።

ዘንድሮ አስቤዛውን ማታ ከተራዊሕ በኋላ በየቤቱ አደረስን። ወንድማችን ካሜራውን አልተወም። ጆንያ የሚሸከሙ እጆችን፣ ዱቄት የነካውን የአንዱን ጓደኛችንን ጫማ፣ ከግንቡ ጋር የተደረደሩትን ካርቶኖች ጥላ አነሳ። የጀመዓው ስም አይታይም። የተሰበሰበው ገንዘብ ከአምናው ቀንሷል፤ ይህንንም አንደብቅም። እነዚያ ጎደሎ ካርቶኖች አሁንም እያሳሰቡን ነው።

እናታችን ጋ አውፍ ለመባባል በዒዱ ሁለተኛ ቀን ሄድን። የለጠፍነውን አጥፍተናል፤ ሼር ያደረጉትን ግን ማጥፋት አልቻልንም፤ እንደዚያ ብለን ነገርናቸው። ቡና አፈሉልን። ስንነሳ ወንድማችንን "ካሜራህን ይዘሃል?" አሉት። ልጃቸውን ጠሩ፣ የዒድ ልብሳቸውን እንደለበሱ መስኮቱ አጠገብ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የት እንደሚቀመጡ፣ ወዴት እንደሚያዩ ልጅቷ ናት የወሰነችው፤ እሱ በርከክ ብሎ ጠበቀ። አሳጥበን ወሰድንላቸው። እናታችን ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አስጠግተው አዩትና "የልጄ ፊት ጠቁሯል" አሉ። ነጩ ሒጃብ ነው ካሜራውን ያሳሳተው። አሁን እንደገና እያሳጠብነው ነው።