የአባት ዝንጋታ በምራቅ ይታወቃልን?



አባታችሁ ዙህርን ሰግደው ከመስጊድ እንደተመለሱ «አዛን ብሏል እንዴ?» ብለው ሲጠይቁ ብዙዎቻችን «እርጅና ነው» ብለን እናልፋለን። አንዳንዱም «ጅን ነክቷቸው ነው» ይላል። ሁለቱም ችኮላ ነው።

አልዛይመር የተባለው የመርሳት በሽታ በምራቅ ይታወቃል የሚለውን ወሬ ሰምታችሁም ይሆናል። ከአፍ በሚወሰድ ፈሳሽ ለኤች አይ ቪ ራስን መመርመር በአገራችን ስላለ ነገሩ ሩቅ አይመስልም። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የኤች አይ ቪው ምርመራ «አለ ወይስ የለም?» ብሎ ይጠይቃል፤ የአልዛይመሩ ደግሞ በጥቂቱ የሚገኝ ፕሮቲን መጨመር መቀነሱን ነው የሚለካው። ምራቅ እንደ ሰዓቱና እንደ ድድ ጤንነት ይለዋወጣል። ጫት የቃመ አፍ እንዴት እንደሚደርቅ ደግሞ ለእኛ አካባቢ ሰው መንገር አያስፈልግም! የስፔን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ላክቶፈሪን የተባለው ፕሮቲን በታማሚዎች ምራቅ ውስጥ ዝቅ ብሎ አገኘነው አሉ፤ በ2021 የዴንማርክ ተመራማሪዎች ቢፈትሹት ልዩነቱን አላገኙትም። አሜሪካ በ2025 የፈቀደችው የደም ምርመራ እንጂ የምራቅ አይደለም። ስለዚህ የምራቅ መመርመሪያ እንሽጥላችሁ የሚል ቢመጣ ገንዘባችሁን አትስጡ።

ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ዝንጋታ ሁሉ አልዛይመር አይደለም። የታይሮይድ ዕጢ መድከም፣ ድብርት፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም ያዘነጋሉ፤ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ። ቢ12 በዋናነት የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው። ቤታችሁን ልብ በሉ፦ ጥርሳቸው ያለቀ አዛውንት ሥጋውን ለልጅ ልጅ አሳልፈው ቆጮውን በጎመን ብቻ ይበላሉ። ቆጮ ኃይል ይሰጣል፣ ፕሮቲኑ ግን አነስተኛ ነው። ክትፎውን በደንብ አብስላችሁና አድቅቃችሁ፣ አይቡንና ወተቱንም ጨምራችሁ አቅርቡላቸው። በእርጅና ሆድ ቢ12ን በሚገባ ላይቀበል ስለሚችል አንዳንዱ መርፌ ያስፈልገዋል፤ ያንን የሚወስነው ሐኪም ነው።

የወልቂጤና የቡታጅራ ቤተሰቦች፣ ለዚህ የግድ አዲስ አበባ አትሂዱ፤ በከተማችሁ ሆስፒታል ጀምሩ። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፤ አንዳንድ የእንቅልፍና የአለርጂ ክኒኖችም ያዘነጋሉ። ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ በመስጊድ ከጎናቸው የሚሰግደውን ሰው ጠይቁት። ረከዓ መሳት የጀመሩት መቼ እንደሆነ ከእናንተ ቀድሞ ያውቅ ይሆናል።