አደራ የበላ ሰው እንዴት ይታረቃል?

ዛሬ ስለ አደራ እናነባለን።

የ1977 ዓ.ም. ድርቅና ረሃብ በዋግ አይረሳም። ዝናብ ጠፋ። እህል አለቀ። ከብት አለቀ። ከሰቆጣ ዙሪያ ብዙ ሰው ቀዬውን ጥሎ ተሰደደ።

በዚያ ዘመን የነበሩ ሁለት ጎረቤታሞችን በምሳሌ እናስብ። አንዱ ሲሰደድ 4 ፍየሎቹን ለሌላው ሰጠ። «አደራህን ወንድሜ፣ ስመለስ ትሰጠኛለህ» አለው። የቀረው ሰው ልጆቹ ሲራቡበት 2ቱን አረደ፤ 2ቱን ሸጠ። ባለፍየሉ ተመልሶ ሲጠይቀው ግን «በበሽታ አለቁ» አለ።

ልጅ ሲራብ ማረዱንስ ማንም ይረዳለት ነበር። የከበደው ውሸቱ ነው። ሰውየው ከዚያ ወዲህ ጎረቤቱን መንገድ ላይ ሲያይ ይሸሻል። የተደበቀ ጥፋት እኮ እንደ ነቀዝ ነው፤ ከውስጥ ይበላል።

በሰሙነ ሕማማት ክርስቲያኖች ተሳስመው ሰላም አይባባሉም። ለምን? ይሁዳ ጌታውን በመሳም አሳልፎ ስለ ሰጠ ነው። ዋጋው 30 ብር ነበር። በዚያው ሌሊት ጴጥሮስም 3 ጊዜ ካደ። ሁለቱም ተጸጸቱ። ይሁዳ ብሩን ጣለ፤ ግን ተስፋ ቆርጦ ታንቆ ሞተ። ጴጥሮስ አለቀሰ፤ ከወንድሞቹ ግን አልራቀም። በኋላም መንጋውን እንዲጠብቅ አደራ ተሰጠው። ልብ በሉ፤ የካደው ሰው እንደገና አደራ ተቀበለ።

በስቅለት ቀን ሕዝቡ ሲሰግድ ይውላል። ካህኑም ጥፋቱን የነገራቸውን ሰው በወይራ ቅጠል መታ መታ አድርገው ስግደት ያዙታል። ታዲያ ስግደት ብቻ ይበቃል? ፍየሎቹስ? ወንጌል መባ ከማቅረብ በፊት ከወንድም መታረቅ ይቀድማል ብሎ ያስተምራል።

ስለዚህ የበደለ ሰው እንዲህ ያድርግ። መጀመሪያ ለንስሐ አባቱ ይንገር። ቀጥሎ ሽማግሌ ይላክ። በሽማግሌ ፊት እውነቱን ሳይሸራርፍ ይናገር። ከዚያ ይካስ። በአንድ ጊዜ ካልቻለ በየዓመቱ አንድ ግልገል ይስጥ።

በአገራችን በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይለምናል። ንጉሥ ምኒልክም በ1870 ዓ.ም. ለአፄ ዮሐንስ 4ኛ ሲገብሩ ድንጋይ ተሸክመው እንደ ቀረቡ ይነገራል። ንጉሥ ካላፈረ እኛ ለምን እናፍራለን?

ባለፍየሉስ? እሱ በስደትም በአደራም የተጎዳ ነው። ዛሬውኑ ይቅር ባይል አይፈረድበትም። ቁስል ቀን ይፈልጋል። በዳይም ደጋግሞ መለመን አለበት።

እስቲ ተወያዩ። እናንተ ሽማግሌ ብትሆኑ ስንት ፍየል ታስመልሱ ነበር? የረሃቡንስ ነገር እንዴት ታዩት ነበር? ይህንን ጽሑፍ ማንበብ ላልቻለ ጎረቤታችሁም አንብቡለት።