የተቀዳ ድምፅ መምህር ይሆናልን?

በድሬዳዋ ከተማችን ካሉት ከተማሩት ወንድሞች አንዳንዶቹ የጀርመናዊውን የባሕን መዝሙር በሸክላና በስልክ እየሰሙ፣ «ፈረንጆች የአባቶቻቸውን የቤተ ክርስቲያን ዜማ ቀድተው አዳኑት፤ እኛም ድጓውን ብንቀዳው ለመሪጌታ ቀለብ መስፈሩ፣ ለተማሪም ዓመታት መንከራተቱ በቀረልን ነበር» ይላሉ። ነገሩ ለጆሮ ይጣፍጣል፤ የጠሩት ምስክር ግን በራሳቸው ላይ ይመሰክርባቸዋል።

ባሕ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1685 ሲወለድ፣ በጎንደር ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ከነገሡ ሦስተኛ ዓመታቸው ነበር። በ1750 ከሞተ በኋላ ታላላቆቹ የመዝሙር ድርሰቶቹ በአደባባይ ሳይሰሙ ብዙ ዘመን ቈዩ፤ የማቴዎስን ወንጌል የሕማማት ድርሰቱን ሜንደልሶን በበርሊን እንደ ገና ያሰማው በ1829 ነው። ወረቀቱ በሣጥን ነበረ፤ አፉ ግን ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ ሃርኖንኩርትና ሌዎንሃርት ከ1971 ጀምረው ሁለት መቶ የሚያህሉ ካንታታዎቹን ሲቀዱ ሃያ ዓመት ያህል ደከሙ፤ በአብዛኛው የሴቱን ድምፅ ትተው የወንዶች ልጆችን፣ የዛሬውን መሣሪያ ትተው የጥንቱን መረጡ። በ1981 ደግሞ ሪፍኪን የሚባል አሜሪካዊ ተነሥቶ፣ ባሕ ለየድምፁ አንድ አንድ ዘማሪ ብቻ ያቆም ነበር ብሎ ተከራከረ። ሙግቱ እስከ ዛሬ አልተቈረጠም።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ ሊቅ የሚሟገተው ኖታው በእጁ ሳለ ነው! በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የሠሩት የእኛ ምልክት ደግሞ ከኖታ ይልቅ በመምህር አፍ ላይ የተደገፈ ነው። ከቃሉ በላይ የሚጻፈው ሥረይ የሚታወቀውን ዜማ ያስታውሳል፤ ያልሰማውን አያስተምርም። ድፋቱና ርክርኩ እስከ የት እንዲሄድ ተማሪ ከመምህሩ ጕሮሮ ይቀበላል፤ ሲስትም «መልስ» ይባላል። ቅጂው ግን ተማሪ ቢስት ዝም ብሎ ያልፋል።

ደግሞስ የማንን ይቀዳሉ? የቤተ ልሔምን፣ የቆማን ወይስ የአጫብርን? አንዱን ብቻ ቀድቶ ገበያ ያወጣ ሰው ሌሎቹን ያለ ፍርድ ቀበራቸው።

ቅጂን አልነቅፍም። ሸለመይና ጄፍሪ ከ1993 እስከ 1997 ዜማችንን ከነድምፁ በሦስት ቅጽ ማሳተማቸው ያስመሰግናቸዋል፤ እነርሱም የቀዱት ከሊቅ አፍ ነው። የምቃወመው በቅጂ ስም ጉባኤ ቤት መዝጋትን ነው። በታኅሣሥ 19 ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚወጣው ምእመን ለቅጂ ከሚያወጣው ገንዘብ ጥቂቱ ለአንድ የድጓ መምህር ቢሰፈር ምን ይጐዳ ነበር? መሪጌታውን አሰናብቶ ቅጂ ይበቃኛል የሚል ደብር፣ ሁለት ቅጂ የተለያየበት ቀን ማንን ጠርቶ ሊጠይቅ ነው? መልስ ያለው በዚሁ ገጽ ይጻፍልኝ።