«ብሬክ አፕ» ሲባል ምን ተለያየ?

«ብሬክ አፕ» የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው የፍቅረኞች ወሬ ሲነሳ ነው። ሁለት ሰዎች ግንኙነታቸውን ማቋረጣቸውን ይናገራል። ትዳር ፈርሶ ጉዳዩ በፍርድ ቤት ሲያልቅ ግን «ዲቮርስ» የሚል የራሱ ቃል አለው። ብዙ ተማሪ «ብሬክ አፕ ማለት መለያየት ነው» ብሎ የሚያልፈው ይህን አንዱን ትርጉም ይዞ ስለሆነ፣ ቃሉን ሌላ ቦታ ሲያገኘው ግራ ይገባዋል።

«ብሬክ» መስበር ነው። «አፕ» ግን እዚህ ላይ ወደ ላይ ማለት አይደለም፤ ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ መፈጸሙን ያመለክታል። ሰበረን «ሰባበረ»፣ ቆረጠን «ቆራረጠ» የሚያደርገው የአማርኛ ድግግሞሽ ለዚህ ይቀርባል። መነሻው ሐሳብ እንግዲህ አንድ የነበረው ነገር ወደ ክፍሎቹ መሄዱ ነው። ምን ዓይነት መሄድ እንደሆነ የሚወስነው የግሱ ባለቤት ወይም ተሳቢው ነው።

ተሳቢው ጠብ ከሆነ ገላጋይ ገባ ማለት ነው፤ ሰልፍ ከሆነ ፖሊስ በተነው። በስልክ «ዩ አር ብሬኪንግ አፕ» የሚል ሰው «ድምፅህ እየተቆራረጠ ነው» ማለቱ ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ ቀልድ ሰውን «ብሬክ አፕ» ካደረገው፣ ሰውየው በሳቅ ፈርሷል። እንግሊዝ አገር ደግሞ ተማሪን «መቼ ነው ብሬክ አፕ የምታደርጉት?» ብሎ የሚጠይቅ ጎረቤት፣ ትምህርት ቤታቸው ለዕረፍት የሚዘጋበትን ቀን ማወቅ ፈልጎ ነው። ይህን አነጋገር አሜሪካኖች እምብዛም አይጠቀሙበትም።

በንግድ ዓለም ቃሉ ከበድ ይላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1911 የባለሀብቱ ሮክፌለር የነዳጅ ኩባንያ ስታንዳርድ ኦይል በ34 ኩባንያዎች እንዲከፋፈል የተሰጠውን ውሳኔ አጽንቷል። የስልኩ ግዙፍ ኤቲ ኤንድ ቲም እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1984 የአካባቢ አገልግሎቱን ለሰባት ኩባንያዎች አስረክቧል። ሁለቱም «ብሬክ አፕ» ይባላሉ፤ ሁለቱም ግን በባለቤቶቹ መኳረፍ የመጡ አይደሉም፣ ገበያው በአንድ እጅ እንዳይያዝ ተብሎ የተደረጉ ናቸው። የቢትልስ የሙዚቃ ቡድን መበተን ከፍቅረኞቹ ትርጉም ጋር ይቀራረባል። ፖል ማካርትኒ መለየቱ የተሰማው እ.ኤ.አ. በ1970 ሲሆን፣ የአባላቱ ሽርክና በሕግ የፈረሰው ግን በ1975 ነው። የሶቪየት ኅብረትና የዩጎዝላቪያ መፈራረስም በዚሁ ቃል ይጠራል።

ቃሉ ሰው በማይገባበት ጉዳይም የጠራ ትርጉም አለው። በአላስካና በሰሜን ካናዳ «ብሬክ አፕ» የወቅት ስም ነው፤ ክረምቱን ረግቶ የቆየው የወንዝ በረዶ ተሰነጣጥቆ መሄድ የሚጀምርበት ጊዜ ማለት ነው። ኔናና በምትባለው የአላስካ ከተማ ከእ.ኤ.አ. 1917 ጀምሮ ይህ ቀን ውርርድ ይደረግበታል። በታናና ወንዝ በረዶ ላይ የእንጨት ማማ ይተከልና ዳር ላይ ካለ ሰዓት ጋር በገመድ ይያያዛል። በረዶው ሲንቀሳቀስ ማማው ገመዱን ይስባል፣ ሰዓቱም ይቆማል። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ደቂቃውን አስቀድሞ የገመተ ገንዘቡን ይወስዳል። በረዶው ከሁሉም ዓመታት ቀድሞ የሄደው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 14 ቀን 2019 ነበር። ለጨዋታ የተያዘው መዝገብ አሁን የአየር ንብረት ተመራማሪዎች የሚገለገሉበት ውድ መረጃ ሆኗል፤ ከቃሉ ትርጉሞች ሁሉ ይበልጥ ሊታወቅ የሚገባውም ይኸኛው ነው።

በአጻጻፍ ረገድ፣ ግስ ሲሆን ሁለት ቃል ሆኖ ይጻፋል፤ ሲነገርም «አፕ» ላይ ይጠነክራል። ስም ሲሆን ግን ተያይዞ ይጻፋል፣ ጥንካሬውም ወደ «ብሬክ» ይዞራል። ፍቅረኛን ለመጥቀስ «ዊዝ» ያስፈልገዋል፤ ለጠብ፣ ለሰልፍና ለኩባንያ ግን ተሳቢው ያለ መስተዋድድ በቀጥታ ይገባል።