የአልጋው ጉዳይ ጤና ጣቢያም ይግባ

በጎጃም፣ በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ፣ በጉንደ ወይንና በዙሪያው ገጠር ባልና ሚስት ተጣልተው ሽማግሌ ሲቀመጥ የሚነሳው እህል ነው፣ መጠጥ ነው፣ የአማት ጣልቃ ገብነት ነው። እሱ ፈልጎ እሷ እንዳልፈለገች፣ ወይም እሷ ቀርባ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዳዞረ የሚናገር የለም፤ ገበና አደባባይ አይወጣም። ሽማግሌዎቹ በሰሙት ይፈርዳሉ፣ አጥፊው ይክሳል፣ ወላጆቿ ቤት የገባችው ሴት ትመለሳለች። ወራት ሳይቆይ ያው ጠብ ያገረሻል።

ሽምግልናን ማጣጣል አይገባም፤ ብዙ ጎጆ ያቆመ ሥርዓት ነው። ነገር ግን ሽምግልና አጥፊና ተበዳይ ይፈልጋል፤ የወሲብ ፍላጎት ሲለያይ ደግሞ ብዙ ጊዜ አጥፊ የለም። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2012 በተካሄደ ብሔራዊ ጥናት፣ የትዳር ወይም የፍቅር ጓደኛ ካላቸው ሰዎች ከአራቱ አንዱ ያህል ፍላጎታቸው ከጓደኛቸው ጋር እንደማይመጣጠን ተናግረዋል። ጠቡ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይሸሻል፣ የሸሸውን ይጫኑታል። ሲጫኑት የነበረችው ጥቂት ፍላጎትም ትጠፋለች።

የምትሸሽ ሚስት ምክንያት አላት። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንዳሳየው፣ ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 ከሆኑ የኢትዮጵያ ሴቶች ግማሾቹ ያገቡት 17.1 ዓመት ሳይሞላቸው ነው፤ በአማራ ክልል ደግሞ የጋብቻ ዕድሜ ከዚህም ያንሳል። በክልሉ ከ10 ሴቶች 6ቱ ያህል ተገርዘዋል። ሳትጠየቅ ተድራ የመጀመሪያ ሌሊቷን በሕመምና በፍርሃት ያሳለፈች ልጅ፣ ከዓመታት በኋላ ሰውነቷ ያንን ቢያስታውስ ማን ይፈርድባታል?

በዚያ ላይ የሚጨመረው ብዙ ነው። የምታጠባ እናት በሆርሞን ለውጥ ምክንያት ግንኙነቱ ሊያማት ይችላል። በየሦስት ወሩ የሚወሰደው የወሊድ መከላከያ መርፌ የአንዳንዶችን ፍላጎት ያቀዘቅዛል። ወንዱንም ስኳር፣ አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒት፣ አረቄና ድብርት ያዳክሙታል፤ እሱ አፍሮ ዝም ሲል እሷ ሌላ ሴት የያዘ ይመስላታል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ክልሉን የሚያምሰው ግጭት በየቤቱ ያስገባው ስጋትም አለ። ይህን ሁሉ ዓይነ ጥላ ነው ብሎ ወደ ደብተራ መሮጥ ሕመሙን ያስረጀዋል። ጠበል የሚጠመቅ ሰው ጤና ጣቢያም መሄድ ይችላል።

ሕጉም አላገዘም። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 53 ጤናን በጽኑ የሚጎዳ ካልሆነ በቀር ባልና ሚስት ግንኙነት እንዲፈጽሙ ያዛል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 ደግሞ አስገድዶ መድፈርን ከጋብቻ ውጭ በሚፈጸም ድርጊት ወስኖታል። ሁለቱን አንድ ላይ ያነበበ ባል የሚስቱ ፈቃድ ላይታየው ይችላል። ሁለቱም አንቀጾች መሻሻል አለባቸው።

ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ጥሩ ባለሙያ ባልና ሚስቱን በመጀመሪያ ለየብቻ ያነጋግራል፤ በቤቱ ዱላ ካለ አንድ ላይ ማስቀመጡ ሴቲቱን ለአደጋ ያጋልጣታል። ሕመም፣ መድኃኒት፣ ድብርት መኖሩን ያጣራል። ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ምክር ብዙዎችን ያስገርማል። አሜሪካዊያኑ ዊልያም ማስተርስና ቨርጂኒያ ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ሥራ ያስተዋወቁት ዘዴ ጥንዶቹን ለጊዜው ከግንኙነት ይከለክላል፤ እጅ መያዝ፣ መዳሰስ፣ ማውራት ብቻ ይፈቀዳል። መጨረሻው የት እንደሚደርስ አስቀድማ የምታውቅ ሴት ያኔ ሳትፈራ መቅረብ ትለማመዳለች። ካናዳዊቷ ሐኪም ሮዝመሪ ባሰን እ.ኤ.አ. በ2000 እንዳስረዳችው፣ ፍላጎት ለብዙ ሴቶች ከመቀራረቡ በፊት ሳይሆን ከተቀራረቡ በኋላ ይመጣል። በዓመት ብዙ ቀን ለሚጾም የጎጃም ሰው በስምምነት መታቀብ እንግዳ ነገር አይደለም። ስለዚህ የንስሐ አባቶች ይህን ምክር ከማንም በላይ ማስረዳት ይችላሉ፤ ስለ ጾሙ ሲያስተምሩ ስለ ፈቃድ ቢጨምሩ ይሰማሉ።

ሰው ስለዚህ ጉዳይ አይናገርም የሚለውን ስጋት አገር ውስጥ የተሠራ ሥራ ያስተባብላል። በጉራጌ ዞን 64 መንደሮችን ባካተተና እ.ኤ.አ. በ2020 ውጤቱ በታተመ ጥናት፣ ሰዎች ቡና እየተፈላ በ14 ክፍለ ጊዜያት ስለ ወሲብ፣ ስለ መነጋገርና ጠብን ስለመፍታት ተወያይተዋል። ወንዶች ለብቻቸው በተሰበሰቡባቸው መንደሮች ባሎች የሚፈጽሙት ወሲባዊ ጥቃት መቀነሱ ተዘግቧል። በአማራ ክልልም ‹መሠረት ሕይወት› የተባለው ፕሮግራም በለጋ ዕድሜያቸው ያገቡ ሴቶችን፣ ‹አዲስ ብርሃን› የተባለው ደግሞ ባሎቻቸውን በየቡድኑ አስተምረዋል፤ ባሎች ሚስቶቻቸውን በቤት ሥራ ማገዝና ጤና ተቋም ድረስ ማጀብ ጨምረዋል። ቀኑን ሙሉ ውኃ ስትቀዳና እንጀራ ስትጋግር ውላ ለምትተኛ ሴት የባሏ እገዛ ራሱ ሕክምና ነው።

የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ የትዳር ሐኪም ክሊኒክ እስኪከፈትለት መጠበቅ የለበትም። የቤተሰብ ዕቅድ ክፍል ያለች ነርስ መርፌውን ስትሰጥ ‹ግንኙነት ያምሻል ወይ? ፍላጎትሽ ተለውጧል ወይ?› ብላ ትጠይቅ፤ የስኳር ክትትል ያለበት ወንድም ይጠየቅ። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና መምህራኑን ልኮ ነርሶችን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችንና ፈቃደኛ ሽማግሌዎችን ያሠልጥን። ሽማግሌዎቹም ሴቲቱን ‹ግቢ› ከማለታቸው በፊት ሁለቱንም ጤና ጣቢያ ይላኩ።