የጻፍነው እንዴት መጽሐፍ ይሆናል?



ባለፉት ሳምንታት በዚህ ገጽ ስለ ደብዳቤና ስለ ማመልከቻ አጻጻፍ ተነጋግረን ነበር። ከዚያ ወዲህ በከሚሴና በአካባቢው ስንዘዋወር አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ገጠመን። «ደብዳቤውንስ ጻፍን። አሁን የአያቶቻችንን ተረትና የራሳችንን ግጥም በደብተር ይዘናል። ይኸ እንዴት መጽሐፍ ይሆናል?» የሚል ነው። መልካም ጥያቄ ነው። ዛሬ የምናውቀውን ያህል እንመልሳለን።

ከሁሉ አስቀድመን አንድ ነገር እንበል። ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት መነበብ አለበት። መነበብ ያለበትም ቃሉን ለሰጡን ሰዎች ነው። ይህን ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ታሪኩ የሚከተለው ነው።

አንድ ወንድማችን የገጠመው

ከጽሑፍ ባልደረቦቻችን አንዱ የጨፋ ገበሬ ነው። ማሽላና ማሾ ያመርታል። ፊደል የቆጠረው ልጆች ከወለደ በኋላ ነው። ማንበብና መጻፍ ሲችል ጊዜ ደብተር ገዛ። ማታ ማታ ከአንዲት አሮጊት ጎረቤቱ ዘንድ መቀመጥ ጀመረ። መንደሩ ሁሉ «አኮ» ይላቸዋል። አኮ በኦሮምኛ ሴት አያት ማለት ነው። አኮ የሚያውቁት ተረትና እንቆቅልሽ ተቆጥሮ አያልቅም። እሳቸው ይናገራሉ፤ እሱ ይጽፋል። በሁለት ክረምት ሁለት ደብተር ሞላ።

ከዚያ ወንድማችን ቸኮለ። ማንንም ሳያማክር አንድ በሬ ሸጠ። ደብተሮቹን ይዞ ወደ አንድ ማተሚያ ቤት ሄደ። «300 ካሳተምህ አንዱ ይወደድብሃል፤ 1000 ካሳተምህ ይረክስልሃል» አሉት። እውነት ነው። የማዘጋጃው ወጪ ለ300ም ለ1000ም ያው ነውና ቅጂ ሲበዛ የአንዱ ዋጋ ይቀንሳል። ስለዚህ 1000 አሳተመ። ግን 1000 ሰው ይገዛኛል ወይ ብሎ ራሱን አልጠየቀም።

መጻሕፍቱ መጡ። ሽፋኑ ላይ የእሱ ስም አለ። ደስ አለው፤ ማንስ ቢሆን ደስ አይለውም? የቅሬው ሰዎች በተሰበሰቡበት ቀን አንዱን አውጥቶ አነበበላቸው። ሁለት ገጽ እንዳነበበ የአኮ ልጅ ከሴቶቹ መካከል ብድግ አለች።

«ወንድሜ፤ ይኸ የእናቴ ቃል ነው። የእናቴ ስም የታለ?» አለችው።

ገጹን ገለበጠ። ከፊትም ከኋላም ፈለገ። የለም። አኮ ያን ጊዜ ከሞቱ አራት ወር ሆኗቸዋል።

አንድ ሽማግሌ ደግሞ ቀጠሉ። «ጅቡ የተሻገረው ቦርከናን ነው እንጂ አዋሽን አይደለም። አኮ ሁልጊዜ ቦርከና ነው የሚሉት» አሉ። እውነታቸውን ነው። ጽሑፉ ሲገለበጥ የገባ ስሕተት ነው። ነገር ግን 1000 ጊዜ ታትሟል። ማተሚያ ቤቱን አንወቅስም፤ የተሰጠውን አትሟል።

ልብ በሉ። ያ ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት አንድ ቀን ቡና ላይ ቢነበብ ኖሮ ስሙም ይገባ ነበር፤ ወንዙም ይታረም ነበር። አኮም በሕይወት ሳሉ ይሰሙት ነበር።

ቀደምት ሰዎች እንዴት አደረጉ?

በአገራችን ቃልን ወደ ጽሑፍ ማስገባት አዲስ ነገር አይደለም። የወሎ ሼሆች በዐረብ ፊደል አማርኛም ኦሮምኛም ይጽፉ ነበር። ይህ አጻጻፍ ዐጀም ይባላል። በ19ኛውና በ20ኛው ምዕተ ዓመት የኖሩት ሼህ ጦልሐ ጃእፈር አማርኛ መንዙማ በዐጀም ከጻፉት አንዱ ናቸው። እንዲህ ያለው መንዙማ ለብዙ ዘመን ማተሚያ ቤት አላየም። ደረሳው ከሼሁ ይገለብጣል። ሌላው በቃሉ ይይዛል። በመውሊድና በወዳጃ ይዜማል። ስለዚህ ማንበብ የማይችለውም ሰው ያውቀዋል።

ሌላም ምሳሌ እንጨምር። አስቴር ጋኖ የተባሉ ሴት በልጅነታቸው ባርያ ሆነው ነበር። ነጻ ከወጡ በኋላ ትምህርት ተማሩ። በልጅነት የሰሙትን የኦሮሞ ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ምሳሌና ዘፈን እያስታወሱ በግእዝ ፊደል ጻፉ። ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ሆነው ያዘጋጁት የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1894 ምፅዋ አጠገብ ታተመ። እንግዲህ ተመልከቱ። የዚያ መጽሐፍ ብዙ ገጽ ከእናት ቤት የመጣ ወሬ ነው። በእናንተም ቤት እንዲህ ያለ ወሬ አይጠፋም።

ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአገሩ ሁሉ ተካሄደ። ትምህርቱ ውሎ አድሮ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። ያን ጊዜ ኦሮምኛም የሚጻፈው በግእዝ ፊደል ነበር። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ግን ኦሮምኛ በቁቤ ይጻፋል። በዞናችንም ልጆች በትምህርት ቤት ኦሮምኛን በቁቤ ይማራሉ።

ስለዚህ በአንድ ቤት ሦስት ዓይነት ጽሑፍ ሊገኝ ይችላል። ቅድመ አያት የተዉት ወረቀት በዐጀም ነው። አያት በዘመቻው ጊዜ የጻፉት ደብተር በፊደል ነው። የልጅ ልጅ የምትጽፈው በቁቤ ነው። ቋንቋው አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ የሌላውን ማንበብ ያቅተዋል። ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? ድምፅ ከፍ አድርጎ ማንበብ ነው። ዓይን ያላወቀውን ጆሮ ያውቀዋል።

የጽሑፍ ቡድን ስታቋቁሙ

1ኛ. ለመሰብሰቢያ የማይነካ ቀን ምረጡ። ባቲ ሰኞ ገበያ ነው፤ ሰንበቴም እሑድ ነው። በገበያ ቀን ማንም አይመጣላችሁም። ከ6 እስከ 12 ሰው ይበቃል። መጻፍ የማይችሉ አዛውንትም አባል ይሁኑ፤ ቃሉ ያለው እነሱ ዘንድ ነው። በየስብሰባው አንድ ሰው ጽሑፉን ያነባል፤ ሌላው ይሰማል። «ጥሩ ነው» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። «እዚህ ላይ አልገባኝም፤ እዚህ ላይ ሰለቸኝ» በሉ። ጸሐፊው አይቆጣ፤ ያርመው።

2ኛ. ተረት ስትጽፉ የተናጋሪውን ስም፣ መንደሩን፣ ቀኑንና የተነገረበትን ቋንቋ ከላይ አስፍሩ። ከመጻፋችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ። ከጻፋችሁ በኋላ መልሳችሁ አንብቡላቸው። «ስሜ አይውጣ» ካሉም አክብሩላቸው። ሽፋኑ ላይ «ተናጋሪ» እና «ጸሐፊ» ተብሎ ሁለቱም ይጻፍ።

የራሳችሁ ድርሰት ከሆነ ግን ሕግ ይጠብቃችኋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 አለ። በዚህ አዋጅ መሠረት ድርሰት ከተጻፈበት ጊዜ ጀምሮ የደራሲው ነው። ለዚህ መመዝገብ ግዴታ አይደለም። መብቱ ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል።

3ኛ. ጽሑፉን ሁለት ጊዜ ገልብጡ። ሁለቱን በሁለት ቤት አስቀምጡ። ዝናብ፣ ምስጥና እሳት ደብተር አይምሩም።

4ኛ. መጀመሪያ በትንሹ አባዙ። ከተማ ፎቶ ኮፒ ቤት አለ። ትንሽ መጽሐፍ እንዲህ ይሠራል፦ ሁለት ባዶ ወረቀት ደርባችሁ መሐሉን እጠፉ፤ 8 ገጽ ይወጣል። ከ1 እስከ 8 ቁጥር ጻፉበት። አሁን ወረቀቱን ፍቱት። 8ና 1 ጎን ለጎን ናቸው። እንዲሁም 2ና 7፣ 6ና 3፣ 4ና 5። ጎን ለጎን ያሉት ሲደመሩ ሁልጊዜ 9 ይሆናሉ። ድምሩ 9 ካልመጣ ገጹ ተዛንፏል ማለት ነው። ካባዛችሁ በኋላ መሐሉን በመርፌና በክር ስፉት። ስቴፕለር ካለም ይሆናል።

ኦሮምኛ ከሆነ የግራውን ገጽ በፊደል፣ የቀኙን ገጽ በቁቤ አድርጉት። ያን ጊዜ አያትና የልጅ ልጅ በአንድ መጽሐፍ ላይ ይቀመጣሉ።

5ኛ. ሒሳቡን ቀድማችሁ ሥሩ። 16 ገጽ ያለው ትንሽ መጽሐፍ 4 ወረቀት ይፈጃል። በሁለት በኩል ሲታተም 8 ኮፒ ነው። አንዱ ኮፒ 5 ብር ነው እንበል፤ ዋጋው ይለዋወጣልና እናንተ ጠይቁ። 8 ጊዜ 5፣ 40 ብር። 30 ቅጂ ቢሆን 1200 ብር። 12 አባላት 100፣ 100 ብር ቢያዋጡ ይሸፈናል። አንዱን በ50 ብር ብትሸጡ 24ቱ ሲሸጡ የወጣው ገንዘብ ይመለሳል። 6 ቅጂ በእጃችሁ ይቀራል። አንዱን ለተናጋሪው፣ አንዱን ለትምህርት ቤት ስጡ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ በሬ አይሸጥም።

6ኛ. 30ው ቅጂ አልቆ ሰው «ጨምሩልን» ካለ፣ ያን ጊዜ ማተሚያ ቤት ይታሰብ። የሚገዙትን ሰዎች ስም ቀድማችሁ መዝግቡ፤ የመዘገባችሁትን ያህል አሳትሙ። ውሉ በጽሑፍ ይሁን። ስንት ቅጂ፣ ምን ዓይነት ወረቀት፣ ስንት ብር ቀብድ፣ በየትኛው ቀን ርክክብ እንደሚደረግ ይጻፍበት። ከመታተሙ በፊት የሙከራውን ወረቀት ጠይቁ። እሱንም ለብቻችሁ አትዩት። አንዱ ከደብተሩ ያንብብ፤ ሌላው በሙከራው ወረቀት ላይ ይከተል። ትላልቅ መጻሕፍት ከጀርባቸው የሚታየውን መለያ ቁጥር አዲስ አበባ የሚገኘው የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ይሰጣል። ፎቶ ኮፒ ለተደረገች ትንሽ መጽሐፍ ግን በዚህ አትጨነቁ።

ወንድማችን ዛሬ

የአኮ ልጅ ከተናገረች በኋላ ወንድማችን ብዙ ቀን ከቤት አልወጣም። በኋላ ሽማግሌ ይዞ ሄዶ ይቅርታ ጠየቃት። እሷም «ስሟን ጻፍላትና ይበቃኛል» አለችው።

የመጻሕፍቱ ካርቶን አሁን በጎተራው አጠገብ በድንጋይ ላይ ተደርድሯል። የተሸጠው 60 ቢሆን ነው። ወንድማችን ማታ ማታ ኩራዙን ለኩሶ ይቀመጣል። አንድ በአንድ እያወጣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ በእስክሪብቶ የአኮን ስም ይጽፋል። አዋሽ የሚለውን ሰርዞ ቦርከና ይለዋል። እስከ ባለፈው ሳምንት 400 አልፏል። የአኮን ስም እኛ እዚህ አላወጣነውም። ቤተሰቡን ስንጠይቅ «በመጽሐፉ ላይ ብቻ ይሁን» አሉን።

የአኮ ልጅ ዘንድሮ ፊደል ጀምራለች። አንዳንድ ማታ እየመጣች ታግዘዋለች። ብዙ መጻፍ ገና አልቻለችም። የእናቷን ስም ግን አሳምራ ትጽፋለች።

ጥያቄዎች

1. ወንድማችን ከማሳተሙ በፊት ምን ማድረግ ነበረበት?
2. በእናንተ ቤት ተረት ወይም እንቆቅልሽ የሚያውቅ ማን ነው? ስሙን በደብተራችሁ ጻፉ።
3. 12 ገጽ ያለው ትንሽ መጽሐፍ ስንት ወረቀት ይፈጃል? ጎን ለጎን ያሉት ገጾች ሲደመሩ ስንት ይመጣሉ?

ይህን ገጽ አንብባችሁ ስትጨርሱ ማንበብ ለማይችል ጎረቤት አንብቡለት። የሳምንት ሰው ይበለን።